ከግድቡ እስከ ዘመሮ ዳገት

«እያቸው እስቲ! ይሄ ውድድር ነው ወይስ የበግ ማጠቢያ?» አለች ሳሌም።

አብሯት የሚማረው ተገኘ ሳቀ። ሁለቱም ከመስኖው ግድብ ዳር ሣሩ ላይ ተቀምጠው፣ የነገዎቹን ተወዳዳሪዎች ልምምድ እያዩ ነበር። አንዱ ውሃው ገና ጉልበቱ ሳይደርስ ብርዱ አንዘፍዝፎት ወጣ። ሌላው ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ ቆሟል፤ ምን እንደሚጠብቅ እግዜር ይወቅ። ብስክሌቶቹማ አይነሱ! ይሄኛው ፍሬን የለው፣ ያኛው ኮርቻው በገመድ ታስሯል።

ውድድሩን ያመጡት የስፖርት አስተማሪያቸው መምህር በኃይሉ ናቸው። የሚሊኒየሙን በዓል ምክንያት አድርገው፣ «ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ! ሦስቱም ሳያርፉ፣ በመካከለኛ ርቀት!» ብለው አወጁ። ግድቡን በዋና ማቋረጥ፣ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ በብስክሌት ደርሶ መልስ፣ ከዚያ ዳገቱን ሮጦ ዘመሮ ገበያ መግባት። ያሸነፈ ለዞኑ ውድድር ደብረ ብርሃን ይሄዳል።

ሳሌም ነገን በሐሳቧ ጨርሳዋለች። ዋናን የለመደችው መርሐቤቴ አክስቷ ዘንድ በጥር ዕረፍት እየሄደች፣ ጀማ ወንዝ ውስጥ ነው። እነዚህ ፋሮች ውሃ ሲጠጡ እሷ ማዶ ትወጣለች። ልብሳቸውን ሲጨምቁ ብስክሌቷ ላይ ናት። ገበያው መሃል ስትደርስ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ሌሎቹ ገና ከዳገቱ ሥር ያለከልካሉ።

የምታሰጋት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ከጓሳ በኩል መጥታ ዘመሮ የምትማረው ጌታነሽ። ሳሌም በሩጫ ቀድማት አታውቅም። ይህን ግን ለማንም አትናገርም። «እሷ እግር እንጂ ጭንቅላት የላትም» ነበር የምትለው።

ጌታነሽ ውሃው ውስጥ ገባች። እስከ ደረቷ ሄደች፣ ከዚያ እጆቿን እያወራጨች በዳር በዳሩ ተጓዘች።

«ጎሽ ጌታነሽ!» አሉ መምህር በኃይሉ ከማዶ።

ሳሌም ግን ከልጅቷ ኋላ የሚነሣውን ጭቃ አየች። ከላይ በእጇ ትንቦጫረቃለች፣ ከታች በእግሯ ትራመዳለች! ጌታነሽ እየተንቀጠቀጠች ስትወጣ፣ ሳሌም ተነሥታ መንገዱን ዘጋችባት።

«አንቺ፣ መዋኘት አትችይም አይደል?»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል!»

«መሃሉ እኮ ገደል ነው። ነገ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ትንፋሼን ይዤ እፍጨረጨራለሁ፤ እሻገራለሁ። እኔ የምፈልገው መሮጥ ነው። ሩጫው እንዲደርሰኝ መጀመሪያ ውሃውን ማለፍ አለብኝ።»

«ሩጫው የሚደርሰው ለሞተ ሰው ነው እንዴ? ደደብ!»

«በማርያም አትንገሪብኝ፤ ያስወጡኛል።»

«ምን አስለፍቶኝ! ነገ ሕዝብ ፊት ስትንቦጫረቂ ማየት ነው የምፈልገው» አለችና ጥላት ሄደች።

ከተገኘ ጋር ወደ ከተማው መንገድ ጀመሩ። ተገኘ፣ «ነገማ ጌታነሽ ዋናውን ካለፈች አለቀልሽ» ብሎ ሊያበሽቃት ሞከረ።

«ባክህ ዝም በል!»

ብትናገርባት ጌታነሽ ትባረራለች፤ ሰዉ ደግሞ «ሳሌም ያሸነፈችው ጌታነሽ ስለሌለች ነው» ይላል። ዝም ብትል ይሻላል። ጌታነሽ ግድቡ መሃል ስትፍጨረጨር፣ ሰዉ ዳር ቆሞ በሣቅ ሲያውካካ ታያት፤ ደስ አላት። ነገር ግን ሐሳቡ እዚያ ላይ አልቆመላትም። ሣቁ ቀጠለ፣ ቀጠለና ባንዴ ጸጥ አለ። ውሃው ላይ ማንም አልነበረም።

ሳሌም ቆመች።

«ምነው?» አለ ተገኘ።

ዞራ ወደ ግድቡ ሮጠች።

መምህር በኃይሉ መዋኛውን በገመድ ለመከለል ግድቡ ጫፍ ላይ ችካል እየተከሉ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ከበዋቸዋል፤ ጌታነሽም ራቅ ብላ ጸጉሯን ትጨምቃለች።

«መምህር፣ መሃሉን ማቋረጥ ይቅርና ዳር ዳሩን እናድርገው። እግር በሚደርስበት» አለች ሳሌም።

«ዳር ዳሩን? እንዲያ ከሆነማ ግማሹ በእግሩ ነው የሚሄደው!»

«ይሂድ።»

መምህሩ መዶሻቸውን አስቀምጠው አዩዋት። «ከሁሉም የምትዋኚው አንቺ አይደለሽ እንዴ? የምትበልጫቸው እኮ በዚህ ነው። ምን ሆነሽ ነው?»

ጌታነሽ ጸጉሯን መጭመቅ አቆመች። ሳሌም አንድ ጊዜ በንቀት አየቻትና ፊቷን መለሰች።

«ፈርቼ ነው» አለች።

«አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ። መሃሉ ያስፈራል።»

ልጆቹ በሣቅ ፈነዱ። «ጉረኛዋ ጉዷ ፈላ!» አለ አንዱ። የሳሌም ፊት በርበሬ መሰለ። ነገ ዳገቱ ላይ የጌታነሽን ጀርባ እያየች እንደምትሮጥ ከወዲሁ ታወቃት።

«እንግዲህ አንድ ሰውም ቢሆን ከፈራ አይቻልም» አሉ መምህሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ ችካሉን ነቀሉት።

ሳሌም ጎንበስ ብላ የገመዱን ጫፍ አነሣችና በዳሩ በኩል ትጎትተው ጀመር።