የጠበቁ ዳዶዎች

መጀመሪያ የተገናኙት በአዝራር ሰበብ ነው።

እሷ የሕፃናት መዋያ አስተማሪ ናት። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸውና እግራቸው አልታዘዝ፣ ምላሳቸውም አልፈታ አላቸው። አንድ ቀን ሸሚዞቻቸውን በፌስታል ቋጥራ መንገዱ ጥግ ላይ ወደተከፈተው አዲስ የልብስ ስፌት ሱቅ ገባች።

«ወንድሜ፣ እነዚህን አዝራሮች አንሥተህ በአንድ እጅ በሚዘጋ ነገር ልትቀይርልኝ ትችላለህ?»

ልብስ ሰፊው ለምን አላለም። ሸሚዙን ዘርግቶ አየና «ደህናው የትኛው እጃቸው ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

«ግራው። የአባቴ ነው።»

ቀኝ እጁን ከጀርባው ደብቆ፣ ሸሚዙን በላዩ ላይ ደርቦ በግራው ብቻ ሊቆልፍ ታገለ። አንገትጌው ላይ ሲደርስ ጣቱ ተወሳሰበበትና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከልቧ ከሳቀች ስንት ጊዜ እንደሆናት ትዝ ያላት ቤቷ ከገባች በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ጤነኛ ልብስ ጠፋ። ዛሬ ቀሚስ ለማሳጠር፣ ነገ ዚፕ ለማስቀየር፣ ከነገ ወዲያ ያጠረውን ቀሚስ መልሶ ለማስረዘም። በመጨረሻ እሱ ራሱ መቀሱን አስቀመጠና «የቁም ሳጥንሽ ልብስ ሳያልቅ አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «እወድሻለሁ።»

ልቧ ዘለለ። አፏ ግን ሌላ ተናገረ።

«እኔን አትጠብቅ።»

ምክንያቱን አልነገረችውም። ከእሱ በፊት ሊያገባት የፈለገ አንድ ሰው ቤታቸው መጥቶ፣ አባቷ ፊት ለፊት ተቀምጠው እያሉ «ይሰማሉ እንዴ?» ብሎ እሷን ጠይቆ፣ በዚያው እንደወጣ ቀርቶ ነበር። ያን ሁለተኛ ማየት አልፈለገችም። ልብስ ሰፊው ግን «አንሼባታለሁ» ብሎ ደመደመ። እሷም በሌላ መንገድ ዞራ ትሄድ ጀመር፤ ለመጠገን የሰጠችውን ኮት እንኳ ሳታነሣ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ነው ነገሩ የተለወጠው። በማግስቱ አባቷ ከንግግር ሐኪም ጋር ቀጠሮ ነበራቸው። ቦታው ሩቅ ነው፤ ቀጠሮው ካመለጠ ሌላ እስኪገኝ ወራት ይፈጃል። መንጃ ፈቃድ በቅርብ ያወጣችው ለዚሁ ነበር። ግን ከአባቷ ሕመም ጀምሮ ግቢ ውስጥ የቆመችውን አሮጌ መኪና ልታዘጋጅ ስትወጣ የፊት ጎማዋ ተንፍሶ መሬት ላይ ተለጥፏል። ትርፍ ጎማ አለ። የተነፈሰውን የያዙት ዳዶዎች ግን ዝገው ከቡሎናቸው ጋር አንድ ሆነዋል።

መኪናዋን በክሪክ አንሥታ በመፍቻው ታገለች፤ ጎማው አብሯት ዞረ። እጀታውን በእግሯ ረገጠች። ዳዶው ንቅንቅ አላለም። አባቷ በሩ ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ደህና እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

«መ... መ...»

«መዶሻ? መፍቻ?» አለች ላቧን በክንዷ እየጠረገች። «ውሃ ጠማህ አባዬ? ቆይ ላምጣልህ።»

አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን አዞሩ። ለሚኮላተፉ ሕፃናት ሳምንቱን ሙሉ ስትታገሥ ሰንብታ፣ ለቤቷ የሚተርፍ ትዕግሥት አልነበራትም።

የግቢው በር ተንኳኳ። ልብስ ሰፊው ኮቷን በክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ረስተሽው ነበር» አለ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። «ሰጥቼሽ ልሂድ ብዬ ነው።»

እጇን ዘረጋች፤ እስከ ክርኗ መጥቆሩን አየችና መለሰችው። እሱ ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቀለና ጎማውን ተመለከተ።

«እኔ ከመኪና የማውቀው የወንበር ልብስ መስፋት ብቻ ነው» አለ። ከዚያ ወደ አባቷ ሄዶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «አባባ፣ ይሄ እንኳ የእርስዎ ሙያ ነው። ምን እናድርግ?»

ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አባቷ ቀና አሉ።

«መ... መ...»

እሷ ልትገምት አፏን ስትከፍት እሱ ቀስ ብሎ እጁን አነሣ። ጠበቀ። ፊታቸውን አላየም፣ እንዳይጨንቃቸው፤ ሥራ እንደሌለው ሰው የጫማቸውን ክር እያጠበቀ ጠበቀ።

«መ... ሬት።»

«መሬት! ትውረድ ነው የሚሉት?»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለካ ጎማው መሬት ካልነካ አብሮ ይዞራል። መኪናዋን አወረዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገቡ። ቀጥሎ «ዘ... ይት» መጣ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አንጠባጠቡበት፣ በመዶሻ ቆጥቆጥ አደረጉትና ዘይቱ እስኪሰርግ ተቀመጡ። ሻይ አፈላች። አባቷ ፊት ላይ ድሮ መሪ ሲጨብጡ የምታውቀው ኩራት ነበር።

«ቱ... ቱ...» አሉ ቆይተው።

«ቱታህን ልስጠው?» ብላ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ እስቲ» አላት ልብስ ሰፊው እየሳቀ።

ተቀመጠች። እሷም ጠበቀች።

«ቱ... ቦ!»

ሦስቱም ሳቁ። ጓዳ ጥግ የተጋደመውን ረጅም የብረት ቱቦ አምጥተው የመፍቻው እጀታ ላይ አጠለቁት። አባቷ በግራ እጃቸው ወደ ታች አመለከቱ። ተጫኑት። ዳዶው ጮኸ፣ ከዚያ እጅ ሰጠ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። የመጨረሻው ላይ መፍቻው አዳልጦ የልብስ ሰፊውን ጣት ከጎማው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ደም ፈሰሰ።

«መርፌ የምትይዝበት ጣት!» ብላ ጮኸች። እየሮጠች ውሃና ፋሻ አመጣች። እጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታጥበው የሁለቱም ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

«አመሰግንሃለሁ» አለች ፋሻውን እየጠቀለለች።

«ስለ ዳዶው?»

«ስለ መጠበቅህ።» ፋሻውን ቋጠረች። «አትጠብቀኝ ያልኩህ... እኔ ብቻዬን አይደለሁም። አባቴን ትቼ የትም አልሄድም። ያን ሰምተህ ስትሸሽ ከማይህ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አያት።

«እኔኮ የመሰለኝ ልብስ ሰፊ አንሶብሽ ነው» አለ። «ይሄን ብቻ ነው የፈራሽው?»

ከኋላቸው ወንበሩ ተንቋቋ። አባቷ በደህና እግራቸው ተነሥተው፣ የመኪናዋን አፍንጫ ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ግራ እጃቸውን ቱቦው ጫፍ ላይ አሳርፈው «ኑ» አሉ፤ ቃሉ ሳይቆረጥ ወጣ።

እሷ መፍቻውን የቀረው ዳዶ ላይ ደገፈችው፤ እሱ በደህና እጁ፣ አባቷ በሰውነታቸው ክብደት ተጫኑ። ዳዶው አንዴ ሲጥ ብሎ ዞረ። አባቷ እያለከለኩ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አ... አግ...»

ገባት። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ከንፈሯን ነክሳ፣ ዕንባዋ በጠቆረ ጉንጯ ላይ እየወረደ ጠበቀቻቸው።

«አግ... ቢው።»

በማግስቱ ሦስቱም ወደ ሐኪሙ ሄዱ። የትራፊክ መብራት ላይ ሞተሩ ጠፋባት፤ ከኋላ ጥሩምባ ሲንጫጫ ጡረተኛው ሹፌር ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁባት። ልብስ ሰፊው ከኋላ ወንበር «አይዞሽ፣ የቸኮለ ይብረር!» እያለ ያበረታታታል።

ዓመቱ ሳይዞር ተጋቡ። እሱ የስፌት መኪናውን አምጥቶ የፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ተከለ፤ አባቷም ወንበራቸውን ወደዚያ አስጠጉ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ቁልፏን እያወጣች ደጃፉ ላይ ቆመች። ከውስጥ የስፌት መኪናው ይንጣጣል። ድንገት ቀጥ አለ፤ አባቷ ማውራት ጀምረው ነበር። ስለ አንድ የድሮ ተሳፋሪ ነው፤ ዶሮ ይዞ ስለተሳፈረና ዶሮዋ መሪው ላይ ስለወጣችበት። ወሬው ተቆራረጠ፣ ተንጠለጠለ፣ እንደገና ተነሣ። እስኪያልቅ ድረስ መኪናው ድምፁን አላሰማም። ከዚያ ሁለቱ ወንዶች እኩል ሳቁ።

«ተመስገን» አለች ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። በሩን ለመክፈት አልቸኮለችም።