ኢልቫ ማለት ምን ማለት ነው?

ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ስሜ ዝናቡ ነው።

እናቴ፣ እህቴ እቴነሽና እኔ በአንዲት ጠባብ ቤት እንኖር ነበር። አባታችን ለሥራ ሩቅ አገር ሄዶ ነበር።

እናቴ ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ታጥባለች። እኔ ቀኑን ሙሉ እቴነሽን አዝላለሁ።

እቴነሽ ገና መሄድ አልጀመረችም። ፀጉር መጎተት ግን ታውቃለች።

ከወንዙ ማዶ ክሊኒክ አለ። እዚያ ከስዊድን የመጣች ነርስ ነበረች። ስሟ ሲስተር ኢልቫ ነው።

በክሊኒኩ ግቢ ትልቅ የኮክ ዛፍ አለ። ኮኩ ሲበስል የሰፈሩ ልጆች አጥሩ ሥር እንሰበሰባለን።

ዘበኛው አባባ ዳምጤ ግን ኮኩን ለማንም አያስነኩም።

«እናንተ፣ ኢልቫ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አሉን አንድ ቀን።

«አናውቅም፣ አባባ።»

«በአገሯ ቋንቋ ተኩላ ማለት ነው። ያውም ሴቷ ተኩላ። እሷው ራሷ ናት የነገረችኝ።»

ልጆቹ ሁሉ ሮጡ። ጠፍ! ጠፍ! ጠፍ! እኔም ሮጥኩ። እቴነሽ ጀርባዬ ላይ ሆና ትስቃለች።

እኔ አልሳቅኩም። በእኛ ሰፈር ስም እንዲሁ አይወጣም። ተኩላ ካሏት፣ አንድ ነገር አይተው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በክሊኒኩ በር አላልፍም። ዞሬ በረጅሙ መንገድ እሄዳለሁ።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እቴነሽ ማሳል ጀመረች።

«ሁው! ሁው!» እንደ ቡችላ ነው የምታስለው። ስትተነፍስ ደግሞ «ሂህ... ሂህ...» ትላለች።

እናቴ ቀጥ አድርጋ ታቀፈቻት።

«ዝናቡ፣ ሩጥ። ሲስተር ኢልቫን ጥራልኝ።»

«እማዬ፣ ሌላ ሰው የለም?»

«የለም። ሩጥ፣ የኔ ልጅ።»

ወጣሁ። ዶፍ ይወርዳል። ጭቃው ያዳልጣል።

እግሬ ሄደ። ልቤ ቀረ።

ድልድዩ ጋ ደረስኩ። ከሥሩ ወንዙ ይጮኻል።

እግሬ ሄደ። ልቤ ቀረ።

ክሊኒኩ በር ላይ ቆምኩ። ልመለስ? «ሁው! ሁው!» የሚለው ሳል ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አንኳኳሁ። ኳ! ኳ!

ማንም አልመጣም።

ኳ! ኳ! ኳ!

በሩ ተከፈተ። ሲስተር ኢልቫ ራሷ ናት። ረጅም ናት። የለበሰችው ካፖርት ግራጫ ነው።

ተኩላ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አላውቅም ነበር። ግራጫ መሆን አለበት አልኩ።

«ምንድን ነው?» አለች።

አፌ አልከፈት አለኝ። በጣቴ ወደ ቤታችን አሳየኋት። ከዚያ ሳልኩላት። «ሁው! ሁው!»

ገባት። ቦርሳዋን አነሳች።

ካፖርቷን ከፈት አድርጋ «ነይ፣ ከዝናብ ግቢ» አለችኝ። ሲስተር ኢልቫ አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት ይምታታባታል።

አልገባሁም። ዝናብ አይናከስም።

ቤት ደረስን። እቴነሽ ታለቅሳለች። ስታለቅስ ትንፋሿ ያጥራል። ትንፋሿ ሲያጥር ደግሞ ታለቅሳለች።

ሲስተር ኢልቫ የፈላ ውሃ በድስት አስመጣች። ድስቱን መሬት ላይ፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀመጠች።

እቴነሽን ጭኗ ላይ አድርጋ ከላያቸው ጋቢ ጣለች። ጋቢው ዋሻ ሆነ። እንፋሎቱ ወደ ዋሻው ገባ። ፍስስስ...

እህቴ ዋሻው ውስጥ ናት። ከተኩላዋ ጋር።

«ዝና» ብላ አለቀሰች። እኔን ነው።

«ማልቀስ ማቆም አለባት» አለች ሲስተር ኢልቫ ከውስጥ። «ወንድሟ ይግባ።»

እናቴ ሌላ ውሃ እያፈላች ነው። ቀና ብላ አየችኝ።

እግሬ ቀረ። ልቤም ቀረ።

«ዝና...» አለች እቴነሽ። ድምፅዋ አሁን ደከም ብሏል።

ጋቢውን ገለጥኩ። ገባሁ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ይሞቃል። የእቴነሽን እግር ያዝኩ። እቴነሽ ፀጉሬን ያዘች።

ልቅሶው ቆመ። «ሂህ... ሂህ...» የሚለው ግን አልቆመም።

ፈርቼ ስለነበር ጠየቅሁ።

«ሲስተር፣ ይናከሳሉ?»

«ማን? እኔ?»

«ስምዎ ተኩላ ነው አሉ። አባባ ዳምጤ ነግረውናል።»

«ዳቦ ብቻ ነው የምነክሰው» አለች። «የአንቺስ ስም ማን ነው?»

«ዝናቡ።»

«አሃ። ይህን ሁሉ ዝናብ ያመጣሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም። ስወለድ ዘንቦ ነው። ደግሞ ወንድ ነኝ።»

«ይቅርታ። ወንድ ነህ።»

ሲስተር ኢልቫ የእቴነሽን ጀርባ ቀስ እያለች ትዳብሳለች።

«እኔ ስወለድ ደግሞ በረዶ ነበር» አለች። «ቤቱን፣ መንገዱን፣ ሁሉን ሸፍኖ። እኔ እንደ ጫማ ትንሽ ነበርኩ። እናቴ አትተርፍም ብላ ፈራች።»

«ከዚያስ?»

«ተኩላ እናት በረዶ ቢጥልም ልጆቿን ትታ አትሄድም። እኔም እንደሷ እንድጠነክር ኢልቫ አሉኝ። በአገሬ ብዙ ኢልቫ አለ። አንዷ አስተማሪ ናት። አንዷ ዳቦ ትጋግራለች። ማንም አይቷቸው አይሮጥም።»

«የእህትህስ ስም?» አለችኝ።

«እቴነሽ። እህቴ ነሽ ማለት ነው።»

«ማን አወጣላት?»

«እኔ።»

ከዚያ የእቴነሽን ትንፋሽ እናዳምጣለን።

«ሂህ...»

«ሂ...»

«እፍ... እፍ...»

ሲስተር ኢልቫ ጋቢውን ገለጠች። የሁላችንም ፊት ረጥቧል።

«ደህና ትተነፍሳለች» አለች። እናቴ ባለችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሲስተር ኢልቫ እስኪመሽ ድረስ አልሄደችም። ስትወጣ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«እንደገና ካሳለች መጥተህ አንኳኳ።»

«እሺ፣ ሲስተር» አልኩ። «በአጭሩ መንገድ እመጣለሁ።»

እናቴ ፍራሻችንን አነጠፈች። እኔ ሁልጊዜ በግድግዳው በኩል ነበር የምተኛው። እዚያ ይሞቃል።

ያን ቀን ግን እቴነሽን በግድግዳው በኩል አስተኛኋት። እኔ በበሩ በኩል ተኛሁ።

«በበሩ በኩል እኮ ይበርዳል» አለች እናቴ።

«ይሁን» አልኩ።

እናቴ ሁለታችንንም አለበሰችን። መብራቱን አጠፋች።

እቴነሽ ከኋላዬ ትተነፍሳለች።

እፍ... እፍ... እፍ...