በፍራሽ ክር የተሰፋው ደብተር

«ሳሙና!» አሉ የባዮሎጂው መምህር፣ የፈተናውን ወረቀት ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ጥለው። «ሳሙና የሚል ቃል እኔ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አውቃለሁ?»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳሉን ዋጠ።

«ሐሞት ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅሁ። ከሃምሳ ስምንት ተማሪ አርባ አንዱ፣ አርባ አንድ! ‹ቅባቱን በሳሙና የምታጥብ አጣቢ ናት› ብሎ ጻፈልኝ። ትንሹ አንጀትስ? ‹ተሳፋሪው ሁሉ የሚወርድበት ፌርማታ።› ይሄ ክፍል ነው ወይስ መናኸሪያ?»

አንድ ሁለት ልጆች ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን ያዙ። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ግን አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ የሹራቧን ቁልፍ ትጠመዝዛለች። ክፍሉ «ጉንዳን» ነው የሚላት፤ ፊደሏ ከማነሱ የተነሳ ደብተሯ ላይ ጉንዳን የተሰለፈ ስለሚመስል። ሳሙናውም ፌርማታውም የእሷ ነበሩ።

«ይሄ አጤሬራ ነው» አሉ መምህሩ። «አንድ ሰው አዘጋጅቶ በትኖላችኋል። ያ ሰው እስከ ነገ ጠዋት በእግሩ መጥቶ እኔ ነኝ ካላለኝ፣ ፈተናው ለሁላችሁም ዜሮ ነው። ድጋሚ ፈተና ብሎ ነገር የለም።»

ወረቀቱን አድለው፣ ረጅሙን የእንጨት ማስመሪያቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ። እሳቸውም ቅጽል ስም አላቸው፤ «ማስመሪያ» ይባላሉ፣ በሌሉበት። የደብተር ኅዳግ ሦስት ሳንቲ ሜትር መሆኑን እየለኩ የሚያርሙ ሰው ናቸው። ጽሑፍ በሰማያዊ፣ ርእስ በቀይ፣ ሰሌዳው ላይ ካለው አንድ ቃል አይቀነስ፣ አንድ ቃል አይጨመር። ሥዕል እሳቸው ካልሣሉ በቀር ክልክል ነው። ደብተር ከአሥር ይታረማል፤ አሥር ማርክ ደግሞ ለብዙ ልጅ የማለፍና የመውደቅ ጉዳይ ነው።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ታያለች። ወሬ ስለማትጨርስ «ሬዲዮ» የሚሏት ናት፤ ዛሬ ግን ድምጿ ጠፍቷል። አምና በባዮሎጂ ወድቃ ክፍሉን ደግማለች። ሁለት ጊዜ የወደቀ ከትምህርት ቤቱ ይሰናበታል፤ እሱም ደንብ ነው።

«አስራ ሰባት ከሃያ» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ። «በሕይወቴ አስራ ሰባት አግኝቼ አላውቅም።»

«እነግራቸዋለሁ ባክሽ።»

«ኧረ ንገሪ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም!» ሬዲዮ ዓይኗን ከወረቀቱ አልነቀለችም። «ብቻ… አስራ ሰባት ነበር እኮ።»

ነገሩ የተጀመረው ዓመቱ ሲጀመር ነው። ያን ጊዜ ጉንዳን አንድ ደብተር ብቻ ነበራት። መምህሩ ስለ ሥርዓተ ልመት ሲያስጽፉ፣ ቃላቱ በአንድ ጆሮዋ ገብተው በሌላው ሲወጡባት፣ ኅዳጉ ላይ አውቶቡስ ሣለች። አፍ መነሻው፣ ጨጓራ ሁሉም የሚጋፋበት መናኸሪያ፣ ሐሞት በትልቅ ሳፋ ፊት ተቀምጣ ቅባት የምታጥብ ወፍራም ሴትዮ። ስትሥል ሁሉም ነገር ገባት። መምህሩ ደብተሩን ሲያርሙ ያንን ገጽ ከመሃል ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። «ደብተር የሥዕል መለማመጃ አይደለም» አሉ። ከአሥር ሁለት።

ጉንዳን ገጹን ከቅርጫቱ አውጥታ እያለቀሰች ወደ ቤት ሄደች። አያቷ ፍራሽ ሰፊ ናት። የልጅ ልጇ ስታለቅስ ምግብ አይወርድላትም፤ ከድሮ ደብተሮች የተረፉትን ባዶ ገጾች ሁሉ ሰብስባ፣ የተቀደደውንም ከፊት አድርጋ፣ በፍራሽ መርፌና በወፍራም ነጭ ክር ሰፋችላት።

«ይኸው፣ እዚህ ላይ እንደ ልብሽ ጫሪ» አለቻት። «ከዚህ ቤት ግን እንዳይወጣ። በሞቴ በይ!»

«በሞትሽ።»

ከዚያ ወዲህ ደብተሯ ሁለት ሆነ። አንዱ ለመምህሩ ነው፤ ንጹሕና የማይነበብ፣ ማለት ለእሷ የማይነበብ። እሱንም ቢሆን መምህሩ በአጠገቧ ሲያልፉ በግራ ክንዷ ሸፈን ማድረግ ለምዶባታል፤ የሚደበቅ ነገር ባይኖርበትም። ሁለተኛው የእሷ ነው። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ሬዲዮ «አልገባኝም፣ ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው» ብላ ስታለቅስ፣ ጉንዳን መሐላዋን በላች። ደብተሩ ለሬዲዮ ወጣ፤ ከሬዲዮ ደግሞ ምን የማይወጣ አለ! በሦስት ቀን ክፍሉን ሁሉ አዳርሶ፣ በፈተናው ዋዜማ ጉንዳን ቦርሳ ውስጥ ተመልሶ ገባ።

ቤት ስትደርስ አያቷ የጥጥ ብናኝ ፀጉሯ ላይ ሰፍሮ ፍራሽ እየጠቀጠቀች ነበር።

«ምነው ፊትሽ?»

«ምንም።»

«ይሄ ምንም የሚባል ፊት አይደለም። ማን መታሽ?»

«ማንም አልመታኝም እማማ።»

«እንግዲያው ትኩሳት ነው።» አያቷ የእጇን ጀርባ ግንባሯ ላይ አደረገች። «በዚህ ብርድ ሹራብሽን ከፍተሽ! ቁልፉስ የት ሄደ?»

ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ነበር፤ ስትጠመዝዘው ውላ ተበጥሷል። ያኔ ሁሉንም ነገረቻት። አያቷ መርፌዋን ፍራሹ ላይ ሰካችና በጥጡ ክምር ላይ ቁጭ አለች።

«አስምዬሽ አልነበረም?»

«አስምለሽኛል።»

«የኔ ሞት እንዲህ ቀለለሽ!» ካለች በኋላ ግን ቁጣውን ትታ ወደ ፍርሃቷ ገባች። «ያንቺ መሆኑን ማን ያውቃል?»

«ክፍሉ ሁሉ።»

«ይናገራሉ?»

«አይናገሩም።»

«አንቺም አትናገሪያ! በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ሁሉም ዜሮ ያገኛል እኮ እማማ። ሬዲዮ ትባረራለች።»

«አንቺስ ብትባረሪ? ከሰው ጋር ዜሮ ማግኘት ብቻ ከመቅረት ይሻላል። እኔን ስድስተኛ ክፍል ላይ ምን አስቀረኝ? መምህሩ ሰሌዳ ላይ የተሳሳቱትን ሄጄ በጣቴ አጠፋሁ፤ ይኼው ነው ጥፋቴ። ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አባቴ ሥራ ትቶ ከየት ይምጣ? አንድ ቀን ቀረሁ፣ ሁለት ቀን ቀረሁ፣ ይኸው እስካሁን እንደቀረሁ ነኝ።»

ጉንዳን ይሄን ሰምታው አታውቅም ነበር።

አያቷ ተነሳች። ደብተሩን ከቦርሳው አወጣች፣ የልጅቷን ፍራሽ ስፌት በምላጭ ተረተረች፣ ደብተሩን ጥጡ መሃል ከታ እንደገና ሰፋችው። አጥብቃ፣ አስራ ሁለት ጊዜ። «አሁን አገር ቢፈትሽ አያገኘውም» አለች፣ ክሩን ቋጥራ። ጉንዳን ቆማ አየቻት። ማንን እንደምትቆጣ እንኳ አላወቀችም፤ መምህሩን ነው፣ አያቷን ነው፣ ወይስ ገብቷት ዝም ማለት ያቃታትን ራሷን። ምን ሰረቀች? ማንን ጎዳች? አንድ ነገር ገባት፣ ለሰው አካፈለች። ለዚህ ፍራሽ ውስጥ መደበቅ?

ጠዋት ስትነቃ ደብተሩ ጎኗን ጎርብጧት ነበር። አያቷ ጀርባዋን ሰጥታ ምድጃው ላይ ሻይ ታፈላለች። ጉንዳን ቀስ ብላ ተንበርክካ የፍራሹን ክር በጥርሷ ያዘች። ወፍራም ነው፤ አልበጠስ አለ።

«በጥርስሽ አትጎትቺው» አለች አያቷ ዞር ሳትል። «ጥርስሽ ይነቀላል።»

ጉንዳን እንደ ተንበረከከች ቀረች።

ሻዩ ሁለት ጊዜ ገነፈለ።

«መቀሱ መሳቢያው ውስጥ ነው።»

ልጅቷ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አያቷ መጥታ ሹራቧን አስተካከለችላት። የተበጠሰው ቁልፍ ተተክሏል፤ መቼ እንደ ተከለችው እንጃ። «ዳቦሽን እየበላሽ ሂጂ። መኪና እያየሽ ተሻገሪ። ደግሞ ወላጅ አምጪ ካሉሽ…» እጇ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። «ጫማዬን አድርጌ ነው የምውለው።»

መምህሩ ክፍል ሲገቡ ጉንዳን ጠረጴዛቸው ጋ ቆማ ጠበቀቻቸው። ደብተሩን አስቀመጠችላቸው።

«አጤሬራ አይደለም ቲቸር። ማንም ፈተና ላይ ይዞ አልገባም። አጥንተውት ነው።»

መምህሩ ወፍራሙን ስፌት በጣታቸው ነኩት። ከፈቱት። የመጀመሪያው ገጽ እሳቸው የቀደዱት ነበር፤ ጥጉ ላይ «2/10» በቀይ፣ በራሳቸው ጽሕፈት። ገጽ ሲገለጥ እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል።

«ሐሞት የት ነው የሚመነጨው?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ጉበት ውስጥ።»

«የሚጠራቀመውስ?»

«ሐሞት ከረጢት ውስጥ።»

«ሥራው?»

«ቅባትን ወደ ደቃቃ ጠብታ ይበታትናል።» የሹራቧን ቁልፍ ያዘች። «እንደ ሳሙና።»

ከኋላ አንድ ሰው «ወይኔ!» አለ።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «የመልቀቂያ ፈተናችሁን የማርመው እኔ አይደለሁም» አሉ። ድምፃቸው ከትናንቱ ዝቅ ብሏል። «እዚያ የሚያርመው ሰው ያንቺን አጣቢ አያውቃትም። ሳሙና ስትይው ኤክስ ያደርግብሻል። ስንቱ ጎበዝ በአንድ ቃል ሲወድቅ አይቻለሁ።»

ጉንዳንን ከሁሉ ያናደዳት ይሄ ነበር፤ እውነታቸውን መሆኑ። «ቃሉን ያስያዘችን እኮ አጣቢዋ ናት ቲቸር» አለች።

«ቁጭ በይ።»

አልጮኹም። ደብተሩን ዘጉና በጠመኔ የነጣ እጃቸውን ላዩ ላይ አደረጉ። «ፈተናው ይያዝላችኋል። ሳሙናና ፌርማታ የጻፈ ግን ለእያንዳንዱ ግማሽ ማርክ ይቀነስበታል። አንቺ፣ በሁለት ደብተር መማር ደንባችን ውስጥ የለም። የደብተር ማርክሽ ከአሥር ዜሮ። ይሄ ደግሞ ዓመቱ እስኪያልቅ እኔ ጋ ይቆያል።» ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበት።

ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ሬዲዮ በጣቶቿ ትደምራለች። «አስራ ስድስት» አለች፤ «አስራ ስድስት ያሳልፋል አይደል? ያሳልፋል!» ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየችና እጇን ከዴስኩ ሥር አጥብቃ ያዘቻት። «ዜሮ አሉሽ እኮ። ፍትሕ የለም በቃ።»

«ተይው።»

«አዲስ ምዕራፍ» አሉ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞረው። «የደም ዝውውር። ኅዳግ አስምሩ፤ ሦስት ሳንቲ።»

ሃምሳ ስምንት ማስመሪያ ዴስክ ላይ ተንኳኳ። ጉንዳንም አሰመረች። ቀይ ርእስ፣ ሰማያዊ ጽሑፍ፤ ልብ አራት ክፍሎች አሏት፤ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ በክፍሎቹ መካከል የሚከፈቱና የሚዘጉ ክዳኖች ይገኛሉ። ቃሉ ሁሉ እንደ ሰሌዳው ነው። ከቃሉ በስተጀርባ ግን አራት ክፍል ቤት ታያት፤ በሩም ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚከፈት፣ በሩ ላይ ደግሞ «የወጣ አይመለስም!» እያለች የምትቆጣ አከራይ፣ መቀነቷን ያጠበቀች። ልታባርራት ሞከረች። አከራይዋ አልሄደችም። የምትሥልበት ሁለተኛ ደብተር ደግሞ አሁን የላትም።

ብዕሩ ኅዳጉን ተሻገረ። ትንሽ በር፣ ቀጥሎ ትንሽ ሴትዮ፣ ከጉንዳን የማትበልጥ፣ በሰማያዊ።

መምህሩ ማስመሪያቸውን ይዘው በዴስኮቹ መሃል መሄድ ጀመሩ። አንደኛው ወንበር። ሁለተኛው። ሬዲዮ በክርኗ ጎነተለቻት። የጉንዳን ግራ ክንድ እንደ ልማዱ ሥዕሉን ሸፍኖ ገጹ ላይ ነበር።

አነሳችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።