የቀደመው መልእክት ጅራት

ዘርአብሩክ ኮምፒውተሩ ፊት በአፍ ጢሙ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው ከባድ የእጅ ባትሪ እግሩ ሥር ወድቋል።

ሳጅን ዕንባቆምን፣ ሞቱን ሰምቶ ከአዲሎ ከተማ ደውሎ፣ ወደዚህ የሆሳዕና ቢሮ የጠራው ታናሽ ወንድሙ ቲቶ ነው። ቲቶና ሟቹ የጭነት መኪኖችን መልእክት የሚያቀባብል ፕሮግራም በሽርክና ሠርተዋል። ዕንባቆም ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ፣ ሌሞ ላይ የሰው ገብስ እያጨደ ነው ይህን ወንድሙን ያስተማረው።

«ጋሼ፣ ምን ትመራመራለህ?» አለ ቲቶ፣ አመሻሽ ላይ እንደተመለሰ። «እኔ አራት ሰዓት ላይ ወጥቻለሁ። ዘርአብሩክ ሰባት ሰዓት ላይ ለኤልሳ መልእክት ልኳል። ስምንት ሰዓት ላይ ሞቶ ተገኘ። በመሀል ግቢው ውስጥ ከጠና በቀር ማን ነበር?»

ዘበኛው ጠና በካቴና ታስሮ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«ጌታ ያውቃል፣ ሳጅን! ምሳ ብላ ልለው ገብቼ ነው ያየሁት።»

«ጠዋትስ ምን ሰማህ?»

«ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። የተማረ ሰው መቼም ይጨቃጨቃል ብዬ ዝም አልኩ።»

መልእክቶቹን ጊምቢቹ ሆና የምትቀበለው ኤልሳ፣ ሞቱን ሰምታ መጥታ፣ ስልኳን አሳየችው። በዘርአብሩክ ስም የመጣው እንዲህ ይላል፦ «ቢሮ ሆኜ እየሠራሁ ነው።ው ጎማ እየተቀየረ ነው።»

«ይሄ ጎማ ምንድነው?»

ቲቶ ሳቀ። «የፕሮግራም ችግር ነው፤ ተወው ጋሼ፣ ስምንተኛ ክፍል እዚህ አይደርስም።»

የተማረ ሰው ሬሳ ፊት እንኳ መናቅ አይተውም። ዕንባቆም ዋጥ አድርጎ ኤልሳን ወደ በረንዳ ወሰዳት።

«አንቺ አስረጂኝ፣ እህቴ።»

«መልእክቱ ከመላኩ በፊት ባፈር የሚባል የሚሞሪ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ቲቶ ሲሠራው ቦታው እንዲጸዳ አላደረገም። በረጅም መልእክት ላይ አጭር ከተጻፈበት የቀደመው ጅራት ይቀራል፤ አብሮ ይላካል።»

«የማን ስልክ ላይ? ያንቺ?»

«አይ፣ የላኪው መሣሪያ ላይ ነው። እኔ በመሀል የሾፌሮችን መልእክት ተቀብያለሁ፤ ከኔ ቢሆን የነሱ ነበር የሚቀረው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ዘርአብሩክ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ቲቶ ፕሮግራሙን የብቻዬ ነው ብሎ ሊሸጠው ነው አለኝ። ተከድቼአለሁ እያለ ሲያለቅስ ነበር።»

ዕንባቆም የቀደሙትን መልእክቶች ከስልኳ ላይ አንድ በአንድ አነበበ። ከዚያ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቲቶ በራሱ ስም ‹አዲሎ ደርሻለሁ፤ የመኪናው ጎማ እየተቀየረ ነው።› ብሎ ጽፏል። የሰባት ሰዓቱ ጅራት ከዚህ የተረፈ ነው። እዚህ የተቀመጠው የሟቹ ኮምፒውተር የአዲሎን ጎማ ከየት ያውቃል? መልእክቱ በዘርአብሩክ ስም የወጣው ቲቶ ይዞት ከሄደው ላፕቶፕ ነው። የሞተን ሰው በሕይወት አለ የሚያሰኝ መሞቱን የሚያውቅ ነው። ጠና ገብቶ ሳያይ፣ አዲሎ ቁጭ ብሎ ይህን ያወቀ ደግሞ ከመውጣቱ በፊት የገደለ ብቻ ነው።»

ቲቶ ፊቱ ዐመድ መሰለ። አልካደም።

ሳጅኑ የጠናን እጅ ፈትቶ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ስንት መርማሪ እያለ፣ ለምን ለኔ ደወልክ?»

«አይገባህም ብዬ ነዋ» አለ ቲቶ፣ ቀና ሳይል።

«ልክ ነህ» አለ ዕንባቆም። «ሃያ ዓመት ሙሉ አልገባኸኝም።»