ላሟ የተወችው የእንሰት ቅጠል

ባፈና ጠናን የሰደበው ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ ማክሰኞ፣ ከሰልፍ በኋላ ነው። ሰባተኛ ክፍል በሙሉ እየሰማ፣ «አንተ መብላት እንጂ ማብላት የት ታውቃለህ» አለው። ጠና በእርሻ ትምህርት ተራው ደርሶ የትምህርት ቤቱን አሳማዎች ሊመግብ ዘግይቶ ነበር። ባፈና ደግሞ ማን ነው? በጣቱ የሚፈርም የአሳማ ጠባቂ።

በነጋታው ጠና አንድ ሸክም የእንሰት ቅጠል ከቤት ተሸክሞ መጣ። ላማቸው አሽትታ የተወችው ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ታነክሳለችም። ይህን ለማንም አልተናገረም። አሳማዎቹ ቅጠሉን ተሻምተው በሉት።

ባፈና አየና «ነገም አምጣ» አለ። ይቅርታ የለ፣ ጎበዝ የለ።

በአራተኛው ቀን እናት አሳማዋ መቆም አቃታት። አፍንጫዋና ሰኮናዋ ውኃ ቋጠረ። ከግልገሎቿ ሦስቱ ሞተው አደሩ።

ከእንስሳት ጤና የመጣው ሐኪም፣ አቶ ዳኘ፣ አፏን ከፍቶ አየ። «አፍተግር ነው» አለ። «ከታመመ ከብት ለሃጭ፣ በመኖም በጫማም ይመጣል። አሳማ ከያዘው ደግሞ በትንፋሹ ብቻ የሰፈሩን ከብት ያዳርሳል።»

ዳይሬክተሩ ወደ ባፈና ዞሩ። «ይኼ ያንተ ዝርክርክነት ነው። ዛሬውኑ የጋጣውን ቁልፍ አስረክብ።»

አጥሩን ተደግፎ የቆመው ጠና ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ደስ አለው።

«ከውጭ መኖ ያመጣ ሰው አለ?» አለ ሐኪሙ።

ባፈና ጠናን አየት አደረገው። «የለም። ቅጠሉን እኔ ነኝ ከመንገድ ዳር የቆረጥኩት።»

የጠና ፊት ጋለ። አጥሩን ለቀቀና ወደ ሐኪሙ ቀረበ።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለ። «ላማችን ታማለች። ከእሷ የተረፈውን ነው።»

«አሁን የት ናት?»

«ከጎረቤት ከብቶች ጋር፣ ግጦሽ ላይ።»

ሐኪሙ ቦርሳውን አነሳ። «በል ምራኝ።»

ባፈና ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። «አንተ ልጅ» አለው ቀስ ብሎ፣ «እኔ የለም ካልኩ በኋላ ማን ተናገር አለህ?»

ጠና ቀና ብሎም ሳያየው ቀድሞ ወጣና ሐኪሙን ወደ ሰፈሩ ይዞት ወረደ።