ያሸነፈው ምሳሌ

ሳቁ አላባራም። ከኋላ ያሉት ዴስክ ይደበድባሉ፣ ከፊት ያሉት ዞር እያሉ ወርቅቱን ያያሉ። ማይክ የያዘችው ፈቲያ ክፍሉን በሙሉ እንዲህ በማሳቋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋ የቆየው የወርቅቱን ፊት እስክታይ ብቻ ነው።

የክርክሩ ርዕስ «የምሥራቁ ወይስ የምዕራቡ የትምህርት ፍልስፍና ይሻላል?» የሚል ነበር። የባዮሎጂው መምህር ስምዖን ዕጣ ሲያስወጧቸው ለወርቅቱ ምሥራቅ፣ ለፈቲያ ምዕራብ ደረሳቸው። ወርቅቱ ቀድማ ተናገረች። በሩቅ ምሥራቅ ተማሪው መምህሩን እንደሚያከብር፣ መጀመሪያ ደጋግሞ በቃሉ እንደሚይዝ፣ መረዳቱ ቀስ ብሎ ከድግግሞሹ እንደሚመጣ በረጋ ድምፅ አስረዳች። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። ያኔ ፈቲያ ያዘጋጀችው ሁሉ፣ ተማሪ ይጠይቅ፣ ይጠራጠር፣ በራሱ ጭንቅላት ያስብ የሚለው፣ ድንገት ውሃ ውሃ አላት። ስለዚህ ወረቀቷ ላይ ያልነበረ ነገር ተናገረች።

«አንድ ተማሪ አውቃለሁ። የባዮሎጂ ኖቷን ከነኮማው ታነበንብላችኋለች። ምን ማለት ነው ብትሏት ግን መሬት መሬት ነው የምታየው። እና ይቺ ተማሪ ናት ወይስ ፍላሽ?»

ስም አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋትም፤ በዚያ ክፍል ኖት ከነኮማው የምታነበንበው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ትርጉሙ እንደሚያስቸግራት ግን ከፈቲያ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ወርቅቱ ጫንጮ አካባቢ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምራ፣ ሱሉልታ ዘጠነኛ ስትገባ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሆነባት። ያላት አማራጭ ገጹን እንዳለ መሸምደድ ነበር። ይህን ለፈቲያ የነገረቻት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ምሳ እየበሉ ነው። ለማንም እንዳትናገር ስትለምናት ፈቲያ «ወላሂ» ብላ ምላላት ነበር።

ፈቲያ አሸነፈች። ቡራዩ ለሚካሄደው የትምህርት ቤቶች ውድድርም ተመረጠች። መምህር ስምዖን እጇን ጨብጠው፣ ያቺን ምሳሌ እንዳትቀይር አደራ አሏት።

ሰኞ ዕለት መምህሩ ወርቅቱን ከመቀመጫዋ አስነሷት። ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን ነገሩ ከንክኗቸው ነው። ፎቶሲንተሲስን በራሷ ቃላት እንድታስረዳ ጠየቋት። እሷ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጀመረች። «በራስሽ ቃላት» አሉ ደግመው። መሬት መሬት አየች። ከኋላ አንዱ «ፍላሹ አልከፈት አለ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩም ሐሙስ በቃል እንደሚፈትኗት፣ ካልመለሰች በባዮሎጂ ፈተና ያመጣችው ዘጠና ስድስት እንደሚሰረዝ ነገሯት።

ወርቅቱ በዚያው ቀን ከፈቲያ ጎን ተነሥታ ቦታ ቀየረች። ፈቲያ በመውጫ ሰዓት እስከ ታክሲ መያዣው ተከተለቻት። ይቅርታ ልትላት ነበር የሄደችው፤ ከአፏ የወጣው ግን «ስምሽን እኮ አልጠራሁም» የሚል ሆነ።

«አዎ፣ አልጠራሽም» አለች ወርቅቱ፤ ታክሲው ውስጥ ገባች። ብትሰድባት ይሻል ነበር።

ፈቲያ ቤት ስትደርስ ታናሽ እህቷ ሰይዳ አጭር የቁርኣን ሱራ ደጋግማ ትቀራለች። አባቷ ሐምዱ ከአዲስ አበባ፣ ከሥራ ገብተው ጫማቸውን እያወለቁ ያዳምጣሉ። ፈቲያ፣ ትርጉሙን ሳታውቅ መቅራቷ ምን ይጠቅማታል ብላ ጠየቀቻቸው።

«አንቺም እንደሷ ነበርሽ» አሉ። «ኋላ ነው ይሄ ምን ማለት ነው፣ ያ ምን ማለት ነው እያልሽ መውጫ ያሳጣሽኝ። ባትይዢው ኖሮ ምኑን ትጠይቂኝ ነበር?»

ያን ጊዜ እሷን ፍላሽ ያላት ማንም አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ወርቅቱን በር ላይ ጠበቀቻት። በዚህ ጊዜ ይቅርታውን ሳታዞር ተናገረች። ወርቅቱ ቦርሳዋን አስተካክላ ልታልፋት ሆነ። ፈቲያ ግን አንድ ነገር ሳትጠይቃት መሄድ አልቻለችም፤ ፎቶሲንተሲስን በኦሮምኛ ታውቀው እንደሆነ።

ወርቅቱ ግራ ገብቷት አየቻት። «ሰባተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። እሱ ግን እዚህ አይቆጠርም።»

ሐሙስ ፈቲያ መጀመሪያ ያሰበችው መምህሩን ቢሮ ሄዳ ልታናግር ነበር። ግን ልጆቹ የሳቁት ክፍል ውስጥ ነው። ወርቅቱ ስትጠራ ፈቲያ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ በራስሽ ቃላት ብለዋታል። የራሷ ቃላት ኦሮምኛ ናቸው። እንግሊዝኛው እንደሚያስቸግራት ለኔ ብቻ በምስጢር ነግራኝ ነው፣ እኔ ደግሞ አሳቅኩባት። ቡራዩ ላይ ያቺን ምሳሌ አልናገርም።»

መምህር ስምዖን መነጽራቸውን አወለቁ። ያለዚያች ምሳሌ ልትሸነፊ ትችያለሽ አሏት።

«አውቃለሁ» አለችና ተቀመጠች።

መምህሩ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ወርቅቱን በኦሮምኛ እንድታስረዳ ነገሯት። ወርቅቱ ፈቲያን ሳታያት አልፋ ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ ቅጠል ሣለች፣ ከላይ ፀሐይ ጨመረችበት፣ መናገር ጀመረች። ድምፅዋ እንደ ክርክሩ ቀን የረጋ ነበር። መምህሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንዳንዴም በዚያው ቋንቋ ይጠይቋታል፣ እሷም ትመልሳለች። ከኋላ የሚስቅ አልነበረም።

የፈቲያ ቤተሰብ ወደ ሱሉልታ ከመጣ ገና ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ሁሉ የለየችው ውሃ ማለት የሆነውን «ቢሻን» ብቻ ነበር። ደብተሯን ከፈተችና ሌላውን ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቅ፣ እንደሰማችው መጻፍ ጀመረች።