ያልደረቀው ቀለም

የልጅ ልጇ በገዛ አያቷ ላይ እጇን አንስታ ይሆን? አሮጊቷ ይህን ጥያቄ ከንጋት ጀምሮ ስታገላብጠው ብትቆይም መልስ አላገኘችለትም። ባሏ፣ የአውራጃው ጋዜጣ መሥራች፣ ፎቅ ላይ ከወንበሩ ሳይነሳ ሞቷል። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው፤ የዕለቱ ጋዜጣ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል። መርማሪዋ፣ ቀጠን ያለች ለንግግር የማትቸኩል ሴት፣ የግቢውን በር አስቆልፋ እሷ ሳትፈቅድ ማንም እንደማይወጣ ተናግራለች።

ጋዜጣው በዚሁ ቤት ምድር ቤት መታተም የጀመረው አሮጊቷ ልጇን ስታጠባ ነበር። የገበያው ዋጋ፣ የጠፋው በሬ፣ ጎርፍ የወሰደው ድልድይ፣ አውራጃው ስለ ራሱ የሚያውቀው ሁሉ የሚወጣው ከዚያች አሮጌ ማሽን ነው።

አታሚው ሲነጋ መጥቶ ከማሽኑ እንዳልተነቃነቀ ተናገረ፤ ወረቀት የሚያጥፉት ሴቶችም መሰከሩለት። የልጅ ልጅቷ፣ የጋዜጣው ዘጋቢ፣ ማታ መጣላቷን አልካደችም። ወንዙን ስለመረዘው የቆዳ ፋብሪካ የጻፈችውን አያቷ አላትምም ብሏት ነበር። «እኔ ሳልሞት አይወጣም» ሲላት፣ «ሞተውም ቢሆን ይወጣል» ብላ በሩን በኃይል ዘግታ ወደ ክፍሏ ስትሄድ ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ማለዳ ማሽኑ ሳይነሳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ፋብሪካው ሄዳ፣ ተጠርታ ነው የተመለሰችው።

የሟቹ ልጅ፣ የልጅቷ አጎትና የጋዜጣው ሥራ አስኪያጅ፣ ቤቱን ከነማሽኑ እንሽጥ እያለ ከአባቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ከርሟል።

«የመጀመሪያውን ቅጂ እኔ ነኝ ያመጣሁለት» አለ። «አመስግኖኝ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ፤ ስንት ሰው አይቶኛል።»

«አመሰገነህ?» አለ አታሚው። «እኔ ዕድሜ ልኬን አብሬው ሠርቼ አንድ ቀን አልገጠመኝም።»

አሮጊቷ ልጇን ቀና ብላ አየችውና አንገቷን ደፋች።

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። በሟቹ አፍ ውስጥ የትራስ ክር ማግኘቷን፣ ታፍኖ መሞቱን ነገረቻቸው። ከዚያ ጋዜጣውን አንስታ ገጹን በአውራ ጣቷ ፈተገችና የጠቆረውን ጣቷን አሳየች።

«ይሄ ቀለም እስከ እኩለ ቀን አይደርቅም፤ የነካው ሁሉ ይጠቁራል። የሟቹ ጣቶች ግን ንጹሕ ናቸው። ስለዚህ አላነበቡትም። ሳይታተም፣ ሌሊቱን ሞተዋል፤ ጋዜጣውን ሌላ ሰው ነው ያስቀመጠላቸው።»

ሌሊት ደግሞ ግቢው ተቆልፎ ነበር። ከሟቹ ጋር ያደሩት አሮጊቷ፣ ልጇና የልጅ ልጇ ብቻ ናቸው። የሁሉም ዓይን ልጅቷ ላይ አረፈ።

«እናቴ» አለች መርማሪዋ የአሮጊቷን እጅ እያየች፣ «እጅጌዎን ያሳዩኝ።»

አሮጊቷ ወጥመዱ ያን ጊዜ ገባት። ዝም ብትል የልጅ ልጇ ልትታሰር ነው፤ ብትናገር የማሕፀኗ ፍሬ። መሸሻ ቀዳዳ የለም። ልጇ «እማዬ…» ብሎ መጨረስ አቃተው። የሹራቧን እጅጌ ዘረጋች፤ ጠርዙ ጠቁሯል።

«ጋዜጣውን ከታች አምጥቼ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሻይ ይዤለት ስገባ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ይቺ ልጅ ማለዳ ከሄደች በኋላ የሞተ እንዲመስል ብዬ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ልጁ ዞረች። «እርስዎ ታዲያ አመሰገነኝ ያሉት ሬሳውን ነው? ጋዜጣው ተዘርግቶ ሲያዩት ሲሳይ መሰለዎት። ሌሊቱን መሞታቸውን የማያውቅ ሰው፣ ማለዳ በሕይወት አየኋቸው ብሎ መዋሸት ምን ያደርግለታል?»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ክንዱን ይዞ ሲያስወጣው ልጁ ወደ እናቱ ዞረ፤ እናቱ ዓይኗን ጨፍናለች።

«እማማ» አለች የልጅ ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «እኔ የገደልኩት መስሎሽ ነበር?»

አሮጊቷ እንዳያስሯት ፈርታ እንደሆነ፣ የማታው ጭቅጭቅ ጆሮዋ ላይ ሲጮህ እንዳነጋ፣ ያለ እናት አሳድጋት እሷን ማጣት እንደማትችል ደጋግማ ነገረቻት። «አይደለም» የምትለዋ ቃል ብቻ ከአፏ አልወጣ አለች።

«ብርድ ነው፤ የሆነ ነገር ደርቢ» አለቻት በመጨረሻ።

ልጅቷ ያልታተመ ጽሑፏን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ አሁን ተከፍቷል። ምንም ሳትደርብ ወጣች።